መሬት፣ ወረቀትና ሦስት ሸሪኮች፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ነጻ በወጣች ማግስት ስለነበረው የመሬት ንግድ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች እነዚህን መርጫለሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሮበርት ሞሪስ ያን ያህል ባለጸጋ ከነበረ እስር ቤት ምን ወሰደው?

መልስ፦ መሬት! ሰውየው በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ የአገሪቱን ገንዘብ ያስተዳደረ፣ የነጻነት መግለጫውንም ሕገ መንግሥቱንም የፈረመ ነጋዴ ነው። ነገር ግን ገና እጁ ባልገባ ገንዘብ መሬት ይገዛ ነበር።

ጥያቄ፦ ሸሪኮቹስ እነማን ናቸው?

መልስ፦ ጆን ኒኮልሰን የፔንስልቬኒያ ዋና የሒሳብ ተቆጣጣሪ ነበር። ተከሶ በ1794 ነጻ ቢባልም ሥራውን ለቀቀ። ጄምስ ግሪንሊፍ ደግሞ ሃያዎቹን ያልጨረሰ የቦስተን ልጅ፣ በአምስተርዳም የአሜሪካ ቆንስል። ይዞ የመጣው ትልቁ ነገር «ከሆላንድ ብድር አመጣለሁ» የሚል ቃል ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዲሲ ነው። እዚህም ገዝተዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እንዴታ! መንግሥት በአዲሲቱ ዋና ከተማ ለካፒቶል፣ ማለትም ለምክር ቤቱ ሕንፃ፣ እና ለፕሬዚዳንቱ ቤት ግንባታ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ሦስቱ ሸሪኮች በ1793 መጨረሻ 6,000 የቤት መሥሪያ ቦታዎችን እያንዳንዳቸውን በ80 ዶላር ሂሳብ ለመግዛት ተዋዋሉ። ድምሩ 480,000 ዶላር፣ በ7 ዓመት የሚከፈል፣ ያለ ወለድ። በዚያ ላይ ቤት ሊሠሩ ቃል ገቡ። በ1795 የፈረንሳይ ጦር ሆላንድ ሲገባ የብድሩ ነገር አከተመ። ደቡብ ምዕራብ ሰፈር 4ኛ ጎዳና ላይ ዛሬም የቆሙትን የዊት ሮው የጡብ ቤቶች ያሠሩት እነሱ ናቸው። ሄደህ እያቸው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ከሌላቸው ታዲያ በምን ይገዙ ነበር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ሞሪስ የተስፋ ሰነድ፣ ማለትም «ይህን ያህል እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት፣ ይጽፋል፤ ኒኮልሰን በጀርባው ፈርሞ ዋስ ይሆናል። ከዚያ ኒኮልሰን ይጽፋል፤ ሞሪስ ይፈርማል። ሁለት ሰካራሞች ተደጋግፈው እንደሚሄዱት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በኋላ የ1 ዶላሩ ሰነድ ገበያ ላይ 15 ሳንቲም፣ ከዚያም በታች ወረደ። ግሪንሊፍ ድርሻውን ሲሸጥላቸው እንኳ የከፈሉት በዚሁ ወረቀት ነው።

በ1795 ደግሞ ሦስቱ ሆነው የሰሜን አሜሪካ የመሬት ኩባንያን አቋቋሙ። 6 ሚሊዮን ኤከር መሬት፣ እያንዳንዱ 100 ዶላር የሆነ 30,000 አክሲዮን። በዓመት 6 በመቶ ትርፍ እናስገኛለን ብለውም ዋስትና ሰጡ። ከምን አምጥተው? አብዛኛው መሬት ሰው ያልሰፈረበት ጫካ ነው። ግብሩ ግን ይቆጥራል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ዋስትና ነው።

ጥያቄ፦ መሬቱ የነባር ሕዝቦች አልነበረም?

መልስ፦ ነበር። ሞሪስ የምዕራብ ኒውዮርክን ሰፊ መሬት ለሆላንድ ባለሀብቶች የሸጠው የሴኔካ ሕዝብ መብቱን ሳይለቅ ነው። የሴኔካ መሪዎች በ100,000 ዶላር የፈረሙት በ1797 ነው፤ ያደራደረውም የሞሪስ ልጅ ቶማስ ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻቸውስ?

መልስ፦ ሦስቱም ታሰሩ። ሞሪስ ከ1798 እስከ 1801 ፊላዴልፊያ በባለዕዳዎች እስር ቤት ቆየ፤ ጆርጅ ዋሽንግተን እዚያው ሄዶ አብሮት ምሳ በልቷል። ያስፈታው በ1800 የወጣው የኪሳራ ሕግ ነው። ኒኮልሰን በዚያው በ1800 እስር ቤት ሞተ። ግሪንሊፍ ግን እስከ 1843 ኖረ።

ጥያቄ፦ እነሱ ብቻ ናቸው እንዲህ የሆኑት?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ጄምስ ዊልሰንም በመሬት ዕዳ ታስሯል። በ1798 ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ሰሜን ካሮላይና ሲሞት ገና ከዳኝነቱ አልወረደም ነበር።