ቀለሃ በብዛት ለምትቆርጪው እህቴ፦ መጀመሪያ አጥብቢ፣ ከዚያ በልኩ ቁረጪ

ሰላም እህቴ። «ለአንገት ጌጥ የሚሆን 2,000 የጥይት ቀለሃ አለኝ። ቂጡንና አንገቱን ጥዬ መሃሉን 30 ሚሊሜትር ቱቦ ማድረግ እፈልጋለሁ። በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ልቁረጠው ወይስ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እያሽከረከረ ለሚቀርጽ) ልስጠው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፒያሳ አካባቢ በነበረችን ጠባብ ወርክሾፕ ሥራውን ስጀምር እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅኩት። በምን እንደምትቆርጪ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ መቼ እንደምትቆርጪ እንነጋገር፤ እኔን ያከሰረኝ እሱ ነው።

1. ለዪ። ማግኔት ያዢ። ከክላሽ የሚወጣው ቀለሃ ብዙ ጊዜ ናስ አይደለም። ላዩ ቀለም ወይም መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ናስ ማግኔት አይስበውም። እኔ የምጠቀመው ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነው፤ ምናለሽ ተራ በርካሽ ታገኚያለሽ። ደግሞ እያንዳንዱን ገልብጠሽ ቂጡን እዪ። መሃሉ ባለችው ትንሽ ክብ ላይ የመመታት ምልክት ከሌለ ገና ያልተተኮሰ ሊሆን ስለሚችል አትሥሪበት፣ አታሙቂው፤ ለፖሊስ አስረክቢ። በዚህ ቀልድ የለም።

2. እጠቢ። ውስጡ ያለው ጥቁር ጥላሸት እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትጥረጊ፣ ልጆች ባሉበት አትሥሪ፣ የወጥ ቤት ዕቃም አትጠቀሚ። ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ሎሚው ውስጥ ረስተሽው እንዳታድሪ፤ ናሱ ወደ ሮዝ ይለወጣል። አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ ጨርሶ አታስጠጊው። የተጨነቀ ናስን፣ ማለትም ሲሠራ ውስጡ ውጥረት የቀረበትን፣ አሞኒያ ይሰነጥቀዋል። ድሮ እንግሊዞች ህንድ ውስጥ በፈረስ ጋጣ አጠገብ ያስቀመጡት ጥይት በክረምት ቀለሃው የተሰነጠቀባቸው ከፈረሶቹ ሽንት በሚወጣው አሞኒያ ነው።

3. አጥብቢ። በጠባብ የብረት ቀለበት ውስጥ እየገፋሽ ወጥ ስፋት አስይዢው ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ታሪኬን ልንገርሽ።

ቸርችል ጎዳና ላይ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ 1,200 ቱቦ አዘዙኝ። ሁሉም እኩል 30 ሚሊሜትር። ደስ ብሎኝ ወዲያው መቁረጥ ጀመርኩ። በሞርሳ (ብረት ጠፍሮ በሚይዘው መሣሪያ) ይዤ በሴጌቶ፣ አንዱን በአምስት ደቂቃ። አስቢው፣ 100 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ነው በብረት ቀለበት ውስጥ እየገፋሁ ማሳለፍ የጀመርኩት። ምክንያቱም ቀለሃ ወደ አፉ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሳይስተካከል ቢደረደር አያምርም። ጨርሼ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ሳቆማቸው አንዱ 31፣ አንዱ 32፣ አንዱ 33 ሆኗል። ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሊጥ በመዳፍሽ መሃል ስታሽከረክሪው እየቀጠነ አይረዝምም? ናስም እንደዚያው ነው። ግን እኩል አይረዝምም። እያንዳንዱ ቀለሃ የተተኮሰው በተለያየ ጠመንጃ ነው፤ አንዱ ብዙ ተነፍቷል፣ ሌላው ትንሽ። የግድግዳው ውፍረትም እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ውጭ አገር ቀለሃ መልሰው የሚሞሉ ሰዎችም ሕጋቸው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ቅርጹን መመለስ፣ ከዚያ መከርከም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

የባሰው የመጣው ልጠግን ስል ነው። አጭርና ስስ ቱቦ ሞርሳ ላይ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል። ከ300 በላይ ጣልኩ። ቀኑም አለፈ። ሴትዮዋ ቀብዳቸውን መልሰው ወሰዱ፤ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ አንቺ መጀመሪያ ቂጡንና አንገቱን በግምት ብቻ ቁረጪ፤ ልኩን ለኋላ ተዪው። 4 ሚሊሜትር ትርፍ ተዪ። በእሳት አለስልሺው። ከዚያ በቀለበት አሳልፊው። ሲያልፍ መልሶ ይጠነክራል፣ ያኔ ለሞረድም ይመቻል። በጣም የለሰለሰ ናስ ሞረድ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል።

4. አሁን ወደ መቁረጫው። ቶርኖ ቤት 2,000 ፍሬ አንድ በአንድ አትስጪ፤ ዋጋውን አትችይውም። አንድ መሣሪያ ብቻ አሠሪ። ልክ 30 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ በእሳት ግሎ በዘይት የጠነከረ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ አራት ቱቦ ትከቻለሽ፣ ከላይ የተረፈውን በሞረድ ትከረክሚያለሽ። ናሱ እስካለ ሞረዱ ሸርተት ሸርተት ይላል። ጠንካራውን ብረት ሲነካ ድምፁ ይለወጣል፤ እንደ መስታወት ያፏጫል፣ ይንሸራተታል። በቃ ማለት ነው። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ እሠራለሁ፤ መለኪያው ካሊፐር ሲያርፍበት 0.1 ሚሊሜትር አይዛነፍም። ያ 100 ሰዓት የፈጀብኝ ሥራ አሁን ሁለት ቀን አይሞላም።

ጠርዙን እንዳትረሺ። ከሞረድ በኋላ ውስጡ ላይ እንደ ምላጭ የሚስል ነገር ይቀራል። ወፍራም ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) በእጅሽ ይዘሽ አንድ ዙር አዙሪበት። ይህን የዘለልኩበት የመጀመሪያው ሐብል ክሩን ቆርጦ ሙሽራ አንገት ላይ ተበተነ።

5. ወረቀት። ቀለሃ ጭነሽ መንገድ ላይ ስትፈተሺ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይኑርሽ። እኔ አንድ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጥይት ነው የምትሠራው?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። አሁንም ያንገበግበኛል። በአራተኛው ቀን ያለቀለት ሐብል ይዤ ሄድኩ። ሌላ ሠራተኛ ነበረች፤ ሐብሉን አገላብጣ አይታ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችልኝ። አንቺም በባዶ እጅሽ አትሂጂ፤ የተሠራውን ዕቃ አሳይያቸው።

ቶርኖ ቤት ስትሄጂ በቀለበት ያለፉ አምስት ቱቦዎች ይዘሽ ሂጂ። የመሣሪያው ቀዳዳ ከወፍራሙ ቱቦ በፀጉር ያህል ብቻ ይስፋ። እዚያው ቆመሽ አምስቱንም እያስገባሽ ሞክሪ፤ አንዱ እንኳ ከተወዛወዘ ሳትከፍይ መልሺለት።