ጥያቄ አለኝ፦ የስፔን ገጠር ቤት ገዝቶ እንግዳ ማስተናገድ

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ የጀርመን ፓስፖርት አለን። ግራናዳ አካባቢ ከ1 ሄክታር ያነሰ የወይራ ማሳ፣ በላዩም አሮጌ የድንጋይ ቤት አግኝተናል። ዋጋው 95,000 ዩሮ ነው። አድሰን ባለ ስድስት ክፍል እንግዳ ማረፊያ ልናደርገው አስበናል። ሻጩ «ቤቱ ሕጋዊ ነው» እያለ 10 በመቶ ቀብድ ጠይቆናል። እንክፈል?
(ከሽቱትጋርት)

መልስ፦ ገና አይክፈሉ። «ሕጋዊ ነው» ሲባል መጀመሪያ ምኑ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የመሬቱ ባለቤትነት፣ የቤቱ ግንባታና የማረፊያው ሥራ ለየብቻ ማስረጃ የሚፈልጉ ሦስት ነገሮች ናቸው። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ከመሬት መዝገብ ቤት «ኖታ ሲምፕሌ» ያውጡ። በኢንተርኔት 9 ዩሮ ከሳንቲምና ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የባለቤቱ ስም፣ የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳና ሌላ ሰው በመሬቱ ላይ ያለው የመተላለፊያ መብት እዚያ ይታያል። ቀጥሎ የካታስትሮውን፣ ማለትም የመንግሥት የንብረት መዝገቡን፣ ካርታ (በነፃ ነው) ከኖታው ጋር ያስተያዩ። የሁለቱ ስፋት ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ የገጠር ቤት ደግሞ መዝገቡ ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ወይራው ተጽፎ ቤቱ ካልተጻፈ ባንክ በቤቱ አያበድርም፤ የገዙትም በወረቀት ማሳ ብቻ ነው።

ግራናዳ ባለበት በአንዳሉሲያ ክልል ያለ ፈቃድ ተሠርቶ የማፍረሻው ጊዜ ላለፈበት ቤት ማዘጋጃ ቤቱ «አፎ» የሚባል ዕውቅና ይሰጣል። ሻጮች «ሕጋዊ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። አፎ ቤቱ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል፤ የሚፈቅደው ግን ለደኅንነትና ለመኖሪያነት የሚያስፈልግ ጥገናን ነው። ክፍል መጨመርም ሆነ መዋኛ መቆፈር አይገባበትም። ስለዚህ ለማዘጋጃ ቤቱ የካታስትሮ ቁጥሩን (20 ቁምፊ አለው) ጠቅሳችሁ «በዚህ ቦታ ባለ ስድስት ክፍል የገጠር ማረፊያ ይፈቀዳል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። የመስኮት ሠራተኛው በቃል የነገራችሁ ነገ አይጸናም።

እዚያው ሳላችሁ ሁለት ነገር አጣሩ። በመሬቱ ላይ «ቪያ ፔኳሪያ» የሚባል የጥንት የከብት መንጃ መንገድ ያልፋል? የመንግሥት ይዞታ ነው፤ ትልቁ ዓይነት እስከ 75 ሜትር ይሰፋል፤ አጥር አጥረውበት የሚነሡ ብዙ ናቸው። ሌላው፣ ቦታው ደን ኖሮ ተቃጥሎ እንደሆነ ነው። የተቃጠለ ደን አገልግሎቱን ለ30 ዓመት መለወጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

ውሃው ሌላ ራስ ምታት ነው። ባለመሬት ከራሱ ጉድጓድ በዓመት እስከ 7,000 ሜትር ኩብ መውሰድ ይችላል፤ ጉድጓዱ ግን በተፋሰሱ የውሃ ባለሥልጣን ዘንድ የተመዘገበ መሆን አለበት። ከመጠን በላይ በተቀዳ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ከሆነ ማስታወቅ ብቻ አይበቃም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዳ የሚጠጣው ውሃ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ የፍሳሽ ጉድጓድ ለ12 እንግዳ አይበቃም፤ የፍሳሽ ፈቃዱም በአዲሱ የሰው ቁጥር ይጠየቃል።

መሬቱ ከ1 ሄክታር አይበልጥምና አዋሳኙ ገበሬ በገዛችሁበት ዋጋ የመተካት መብት አለው፤ ግዢው መዝገብ ከገባበት ጀምሮ 9 ቀን ይሰጠዋል። በመካከላችሁ ቦይ፣ ወንዝ ወይም መንገድ ካለ ይህ መብት የለም። አዋሳኞቹን አስቀድሞ ማነጋገር ይሻላል።

ቀብዱን በተመለከተ፦ በስፔን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1454 መሠረት ገዢ ካፈገፈገ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ካፈገፈገ እጥፉን ይመልሳል። ውሉ ላይ «ማዘጋጃ ቤቱ ማረፊያውን ካልፈቀደ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ካላስገባችሁ ፈቃዱ ሲቀር 9,500 ዩሮው የሻጩ ይሆናል። ሻጩ ይህን አንቀጽ እምቢ ካለ ስለ ቤቱ የማይነግራችሁ ነገር አለ ብለን እንጠረጥራለን።

ከዋጋው ሌላ የአንዳሉሲያ የዝውውር ግብር 7 በመቶ፣ ማለትም 6,650 ዩሮ አለ። የካታስትሮ የማጣቀሻ ዋጋ ካለና ከግዢው ዋጋ ከፍ ካለ በዚያ ይሰላል። ኖታሪዮ (ውል አጽዳቂ)፣ ምዝገባና ጠበቃ ሲጨመሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያዙ። ጠበቃው በሻጩ ወይም በደላላው የተመረጠ አይሁን።

ጥያቄ፦ ሻጩ እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው ነው። የተለየ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ሻጩ ስፔን ነዋሪ ካልሆነ ገዢው ከዋጋው 3 በመቶ ቀንሶ በ211 ቅጽ በአንድ ወር ውስጥ ለግብር ቢሮ ያስገባል። ካልቀነሱ ቢሮው ከንብረቱ ይጠይቃል፤ ንብረቱ ደግሞ አሁን የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። ካሴሬስ አውራጃ፣ ፖርቱጋል ድንበር አጠገብ ትልቅ እርሻ ልገዛ ነው። ግዢው የመኖሪያ ፈቃድ ያሰጠኛል?
(ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አያሰጥም። በ500,000 ዩሮ ንብረት የሚገኘው «ወርቃማ ቪዛ» ከኤፕሪል 3 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። ያለ ፈቃድ መቆየት የሚችሉት በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ብዙዎች የሚያነሡት «ኖ ሉክራቲቫ» ቪዛ (በራስ ገንዘብ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው) ሥራን ይከለክላል፤ እንግዳ ማስተናገድ ደግሞ ሥራ ነው። የእርስዎ መንገድ በግል ሥራ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ የንግድ ዕቅድና በቂ ገንዘብ ያሳያሉ፣ ለሥራው የሚያስፈልጉትን ፈቃዶችም ያቀርባሉ።

ደላላ ብዙ ጊዜ የማይናገረው ሌላ ጉዳይ አለ። በ1975 በወጣው ሕግ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ሰው በፖርቱጋልና በፈረንሳይ ድንበር፣ በጋሊሲያ፣ በጂብራልታር ወሽመጥና በደሴቶቹ ባሉ የተከለሉ ቀበሌዎች የገጠር መሬት ለመግዛት የወታደራዊ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወራት ሊፈጅ ይችላልና የቀብድ ውሉ ቀነ ገደብ ይህንን ያስላ።

ጥያቄ፦ ማድሪድ በሕጋዊ ፈቃድ እኖራለሁ፣ ቤቱንም ገዝቼ ጨርሻለሁ። ለመክፈት ምን ቀረኝ?

መልስ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ እጅዎ ላይ ከሆነ የቀረው ብዙ አይደለም። በ036 ቅጽ ግብር ቢሮ፣ በግል ሠራተኝነት ደግሞ ማኅበራዊ ዋስትና ይመዝገቡ፤ ለአዲስ ተመዝጋቢ የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ በወር 80 ዩሮ ገደማ ነው። ክልሉ የቱሪዝም መዝገብ የሚያስገባዎት በራስዎ ማረጋገጫ ፊርማ ስለሆነ በዚያው ቀን መክፈት ይቻላል። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ግን በኋላ ነው፤ ያልተሟላ ነገር ላይ ፈርመው ከተገኙ ይቀጣሉ፣ ይዘጋሉም። ከዲሴምበር 2 ቀን 2024 ወዲህ የእያንዳንዱን እንግዳ ዝርዝር በ24 ሰዓት ውስጥ «ሴስ ሆስፔዳሄስ» በሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መረብ መላክ ግዴታ ነው፤ እንግዳው ዘመድ ቢሆንም ከከፈለ ይመዘገባል።