250 አምፔር የሚል ዲናሞ ልግዛ?

አንድ የኮምቦልቻ ጠያቂ የኮሮላ «ዲኤክስ» መኪናቸውን ሞተር በ1,600 ሲሲ ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ማስቀየራቸውን ጽፈውልኛል። ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ 400 ዋት አምፕሊፋየርና ተጨማሪ የፊት መብራት ጨምረዋል፤ ሞተሩ ፈጠን እንዲል በሚልም የክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) 130 ሚሊ ሜትር ፑሊ፣ ማለትም ዲናሞውን በቺንጋ የሚያዞረውን መዘውር፣ በ105 ቀይረውታል። ወደ ደሴ ሲወጡ ችግር የለም። ምሽት ላይ ፒያሳ መንገድ ሲዘጋጋባቸው ግን መብራቱ ይፈዛል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ይዋዥቃል፣ በማግስቱ ሞተሪኖው እያቃሰተ ነው የሚያስነሣው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭላቸውና ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ባለ 60 አምፔር ሲሆን አንድ ሻጭ 250 አምፔር የሚል አዲስ ዲናሞ አቅርቦላቸዋል።

አይግዙት። የሚበልጥ ዲናሞ እንደሚያስፈልግዎ እስማማለሁ፤ ያቀረቡልዎ ግን እርስዎ ያለብዎትን ችግር የሚፈታ አይመስለኝም።

ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ያንን ጠመዝማዛ ሽቅብ የሚወጡት በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኹ ነው፤ ዲናሞውም አብሮ ስለሚፈጥን ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ፒያሳ ሲቆሙ ነገሩ ይገለበጣል። በዲናሞ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር የሚለካው የዲናሞው ዘንግ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ነው፤ የእርስዎ ሞተር በሚኒሞ 800 ዙር ሲሠራ ግን፣ የክራንኩ ፑሊ 105፣ የዲናሞው ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ዲናሞው የሚዞረው 1,400 ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት ከ60ው አምፔር ሲሶውን ከሰጠዎ ደህና ዲናሞ ነው ማለት ነው። በቀድሞው ፑሊ 1,733 ይዞር ነበር። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ፑሊ በፍጥነት የሰጠችዎ ጥቅም እምብዛም ሳይሆን፣ ቆመው ሲጠብቁ የሚያገኙትን ኃይል ወስዳብዎታለች። በመጀመሪያ የድሮውን ይመልሱ።

ቀጥለው የሚፈልጉትን ይደምሩ። ሁለቱ ማራገቢያዎች 24 አምፔር ገደማ፣ ማቀጣጠያውና ኢንጀክተሮቹ 10፣ ፓምፑ 7፣ የመኪናው መደበኛ መብራቶች 12፣ ተጨማሪው መብራት 9 ይወስዳሉ። አምፕሊፋየሩ ሙዚቃው ሲያገሳ ከ50 ሊያልፍ ይችላል፤ በአማካይ ግን 20 ልበል። ድምሩ 82 ነው። የደከመ ባትሪ መሙላትና የሙቀት ጉዳት ሲታከልበት ከ110 እስከ 130 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ይበቃዎታል፤ ዋናው መስፈርት ግን በ1,800 ዙር ስንት ይሰጣል የሚለው ነው። በአንዳንድ ዲናሞዎች ገላ ላይ «50/120» የሚመስል ጽሑፍ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው በዝግታ ሲዞር፣ ሁለተኛው በ6,000 ዙር የሚሰጠው ነው። ሻጩን ስለ መጀመሪያው ቁጥር ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው እቃውን ይተዉለት። ትልቅ ቁጥር ለማስጻፍ ሲባል ወፍራም ሽቦ በጥቂት ዙር የሚጠመጠምባቸው ዲናሞዎች አሉ፤ እነዚህ በሚኒሞ ከፋብሪካው ዲናሞ እንኳ ሊያንሱ ይችላሉ። እኔ የምመርጠው ጥምጥሙ ከክብ ሽቦ ይልቅ አራት ማዕዘን ባላቸው የመዳብ ዘንጎች የተሠራውን ነው፤ መዳቡ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚገባ ቀስ ብሎ ሲዞርም ይሰጣል፣ ሙቀትም ይችላል። ከአዳዲስ መኪኖች የተነቀለ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ የብዙዎቹ ቮልቴጅ የሚታዘዘው በመኪናው ኮምፒውተር ስለሆነ በእርስዎ መኪና ላይ በትክክል ላይሞላ ይችላል።

የዲናሞውን ፑሊ 55 ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ ሚኒሞውንም ወደ 850 ከፍ ካደረጉ ዲናሞው 2,000 ያህል ይዞራል። ሞተሩን እስከ 7,500 ቢያስጮኹት 17,700 ገደማ ይደርሳል፤ ብዙዎቹ የሚችሉት እስከ 18,000 ስለሆነ ወደ 50 አይውረዱ። በዚህ መጠን ሲሠራ ዲናሞው ከሞተሩ 4 የፈረስ ጉልበት ያህል ስለሚወስድ አንዲቷ የቪ ቅርጽ ቺንጋ አትበቃውም፤ ባለ ብዙ መስመሩን ጠፍጣፋ ቺንጋ ያድርጉ። የምትሸራተት ቺንጋ ራሷን ታጋልጣለች፤ ፑሊው ዙሪያ ጣትዎን ቢያስኬዱ ጥቁር የጎማ ዱቄት ይይዝልዎታል።

ሽቦውን ችላ እንዳይሉ አደራ። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ቀድሞ የነበረው ሽቦ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት 120 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ይበላል፣ ይግላልም፤ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚጠፋው ወደ 0.13 ቮልት ይወርዳል። በባትሪው በኩል 150 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭና ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን ገመድም በዚሁ ውፍረት ይቀይሩ። ይህ ሁለተኛው በየጋራዡ የሚረሳ ነገር ነው።

ዲናሞው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ከሆነ በመካከላቸው የብረት ጋሻ ይሥሩለት። የመዳቡ ሙቀት በ60 ዲግሪ ሲጨምር የሽቦው ተቃውሞ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይጨምራል፤ ወደ ሐርቡ ቆላ ሲወርዱ አየሩ ራሱ ትኩስ ነው፣ ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱ ቢያግዝም አየሩ ከባሕር ጠረፍ አምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል የለመደብን ልማድ ነው። እኔም በወጣትነቴ በአሮጌ መኪኖች ላይ አደርገው ነበር፤ አንድ ቀን የደንበኛ መኪና ኮምፒውተር አቃጥዬ ከኪሴ ከፍዬ ነው የተውኩት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በቅጽበት ሽቅብ ይዘላል፤ ዳዮዶቹም (በዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስተካክሉት) ሊቃጠሉ ይችላሉ። በመልቲሜትር ይለኩ። ሌሊቱን ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማራገቢያውና መብራቱ በርቶ፣ በሚኒሞ ከ13.5 በላይ መሆን አለበት። ከዚያ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ወፍራሙ ሽቦ በሚታሰርበት የዲናሞው ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ፑሊውን ከመለሱ በኋላ ይህንኑ በአሁኑ ዲናሞ ላይ ይሞክሩና፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለቱን ንባቦች ይላኩልኝ።