ስለ «ኳየር» የጠየቃችሁኝ

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ አንድ ቃል ላይ ተረባረባችሁ፤ ኳየር (choir)።

ጥያቄ፦ ቤተክርስቲያን ኳየር ውስጥ አገለግላለሁ። ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ዛሬ መዘምራን ማለት ነው። ሥሩ ግን የግሪኩ «ኾሮስ» ነው፤ እሱ ደግሞ ጭፈራም ጨፋሪም ነው። በጥንቷ አቴንስ አሳዛኝ ቴአትር (ትራጄዲ) ኾሮሱ 12፣ በኋላም 15 ሰው ሆኖ እየዘፈነና እየጨፈረ ታሪኩን ያጅብ ነበር። የሚጨፍርበት ሜዳ «ኦርኬስትራ» ይባል ነበር። አዎ፣ ያው ኦርኬስትራ! ኮሪዮግራፊም (የውዝዋዜ ቅንብር) ከዚሁ ከኾሮስ የወጣ ነው። ቃሉ በላቲን፣ ከዚያ በድሮው ፈረንሳይኛ አልፎ በአውሮፓውያን 1300 ገደማ እንግሊዝኛ ገባ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሲ ኤች ተጽፎ «ኳየር» የሚባለው ለምንድነው? ልጄን ሳስጠና አፈርኩ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ድሮ እንደሚነበበው በኪው (quire) ነበር የሚጻፈው። የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን የ1662ቱ የጸሎት መጽሐፍ ላይ እንደዚያው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግን ላቲኑንና ፈረንሳይኛውን እንዲመስል ተብሎ ፊደሉ ተቀየረ። አፍ ግን በጀ አላለም። እንግዲህ መሸምደድ ነው።

ጥያቄ፦ ኮረስስ ዘመዱ ነው?

መልስ፦ ወንድሙ ነው። ኮረስ ከላቲን በቀጥታ ገባ። ዘፈን ላይ ሲሆን አዝማች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኳየር የሚባል የወረቀት ጥቅልም አለ አሉ።

መልስ፦ አለ፤ ግን ድምፁ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። የወረቀቱ ከላቲን «አራት» የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ካቴድራል ስንጎበኝ አስጎብኚው ባዶ ወንበሮች እያሳየ «ይሄ ኳየሩ ነው» አለን። ሰው የለበትም እኮ!

መልስ፦ መዘምራኑ የሚቆሙበት ቦታም በስማቸው ይጠራል። እኛስ? ማኅሌት ዜማው ነው፤ የሚቆምበት የቤተክርስቲያኑ ክፍል ደግሞ ቅኔ ማኅሌት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጭፈራና መዝሙር በአንድ ቃል? አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ ገና ለት ላሊበላ ቤተ ማርያም ሂድና «ቤዛ ኩሉ»ን እይ። ካህናቱ ዙሪያውን ቆመው መቋሚያ ይዘው እየተወዛወዙ ይዘምራሉ፤ ጸናጽል ይንሿሿል፣ ከበሮ ይመታል። ድምፁን ከእግሩ ለይ ብትባል ከየት ትጀምራለህ? ብቻ እዚያ ቆመህ «ጭፈራ» እንዳትል፤ ሽብሸባ ነው የሚባለው።