ኮንክሪቱ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ይፈለግ

ጥያቄ፦ የመኪና መግቢያችን ኮንክሪት በጋራዡ በር በኩል 4 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ላዩን በሲሚንቶ ብንለስነውስ?

ልስን ክብደት ይጨምራል እንጂ ከሥር የተፈጠረውን ባዶ ቦታ አይሞላም። ጠርዙ ላይ የሳሳውም ክፍል በጎማ ቶሎ ይፈረካከሳል። የሸሸው ከሥር ያለው አፈር ነው። ወለሉን በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት፤ እንደ ባዶ በርሜል የሚያስተጋባው ቦታ ውስጡ ተቦርቡሯል።

አፈሩ የሚሸሸው ብዙውን ጊዜ ሙሌቱ በደንብ ስላልተጠቀጠቀ፣ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን እዚያው ስለሚያወርድ ወይም የተቀበረ ቧንቧ ስለሚያፈስ ነው። ቧንቧውን ለመፈተን በቤቱ ያለውን የውሃ መክፈቻ ሁሉ ይዝጉና የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ። ማንም ውሃ ሳይጠቀም ሁለት ሰዓት ቆይቶ ቁጥሩ ከተለወጠ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የፍሳሽ መስመር ከሆነ ግን ቆጣሪው አይናገርም።

ጥያቄ፦ አንዱ ባለሙያ በሲሚንቶ ጭቃ፣ ሌላው በፎም አነሳዋለሁ ይላል። የትኛው ይሻላል?

ሁለቱም ወለሉ ተበስቶ ከሥሩ እየተገፉ ያነሱታል። የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ድብልቁ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች ይገፋል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መኪና ለማሳለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠበቅለታል። ክብደቱም በሜትር ኩብ ከ1,500 ኪሎ ስለሚበልጥ የላላ ሙሌት ላይ ከሆነ ወለሉ እንደገና ሊወርድ ይችላል። የፖሊዩሬቴን ፎም፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ ከሥር የሚያብጥ የፕላስቲክ አረፋ፣ ቀዳዳው 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ በጣም ቀላልም ነው። ጉዳቱ ውድነቱና አንዴ ከልክ በላይ ካነሳ ወደኋላ አለመመለሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንትራክተሩን ምን እንጠይቀው?

መጀመሪያ እሱ ምን እንደሚጠይቅዎ ያስተውሉ። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ቢቀር ይሻላል። ከሥር የሚያልፍ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር እንዳለ ሳያጣራ መብሳት የሚጀምርም እንደዚያው።

ውሉ ላይ የቀዳዳው ብዛትና ስፋት፣ ወለሉ ከየትኛው ነጥብ ተለክቶ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚነሳ፣ ቀዳዳውንና መገጣጠሚያውን ማን እንደሚደፍን፣ ሲነሳ ቢሰነጠቅ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ፎም በኪሎ የሚከፈል ከሆነ ከዚህ አያልፍም የሚል ጣሪያ ይኑረው፤ ከሥር ያለው ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚውጥ አስቀድሞ አይታወቅምና። ዋስትናው ወለሉ ተመልሶ መውረዱንም ይሸፍን፤ የቀዳዳውን ድፋኝ ብቻ የሚሸፍን ዋስትና ብዙ ነው።

ሥራው ሲጀመር በአንድ ቀዳዳ ብቻ ከተገፋ ወለሉ ሊሰበር ይችላል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየተዘዋወረ በጥቂት ሚሊ ሜትር መነሳት አለበት። ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ጠርዝም አስቀድሞ በመቁረጫ ይለያል። የውጭ ወለል በውሃ ልክ ድፍን ቀጥ ማለት የለበትም፤ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘንብል።

ጥያቄ፦ ስንጥቁስ ይጠፋል?

ይጠብ ይሆናል፣ አይጠፋም። ወለሉ ብዙ ቦታ ከተሰባበረ አፍርሶ፣ ጠቅጥቆ እንደገና መሙላት ነው።

ጥያቄ፦ አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይወርዳል፣ በዝናብ ይነሳል።

አፈሩ እጅግ በደረቀበት ወቅት አያስነሱት፤ ዝናብ ሲመጣ አብጦ ወለሉን ከሚፈለገው በላይ ይገፋዋል። መጀመሪያ አሸንዳውን በቱቦ ከቤቱ ያርቁ፣ የመገጣጠሚያ ክፍተቶችን ይድፈኑ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ዓመት የወለሉን ከፍታ በየወሩ ይለኩ።