ዘራችን ነው ወይስ ስንፍናችን? ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። «አያቴ ያሻቸውን እየበሉ ሸንቃጣ እንደሆኑ አረጁ። እናቴ ከወለደች በኋላ ወፈረች። እኔ ከሁለቱም ባስኩ። አሁን ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሰውነቷ መጨመር ጀምሯል። ዘራችን ነው ወይስ ስንፍናችን?» ነው ያልሽው። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሹ «አፍሽን ያዢ» አሉሽ፤ ግማሹ «ዘር ነው፣ ተቀበይው» አሉሽ። ሁለቱም አልመለሱልሽም። እኔ ይህን ነገር ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ብዙም አንብቤበታለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

«ትንሽ ብይ፣ ብዙ ተንቀሳቀሺ» የሚለውን አልደግምልሽም። እሱን መቼም እስኪሰለችሽ ሰምተሻል።

1. ስንፍና አይደለም። ይህን ሸክም መጀመሪያ ከትከሻሽ አውርጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990 ወዲህ (የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ከመጠን ያለፈ ውፍረት በአዋቂዎች ላይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በአፍላ ወጣቶች ላይ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኗል። በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ ይህ ችግር ነበረበት። እስቲ አስቢው። በአንድ ትውልድ ውስጥ በየአገሩ ያለ ሰው ሁሉ ተማክሮ ሰነፈ? ሕፃናቱስ? አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ዓይነት ስንፍና ይኖረዋል? ኑሮው፣ ምግቡና ሥራው ሲለወጥ ሰውነት ተከተለ። ነገሩ ይኸው ነው።

2. «ዘር ነው» ያሉሽም ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ። ውፍረት በዘር መውረዱ እውነት ነው፤ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን በደንብ አሳይተዋል። ግን ዘረ መል በሁለትና በሦስት ትውልድ እንዲህ አይለወጥም። አንቺ ውስጥ ያለው የአያትሽ ደም ነው። ታዲያ ምን መጣ?

እኔን በጣም የገረመኝን ልንገርሽ። ኤፍቲኦ የሚባል ዘረ መል አለ። ከውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው በ2007 ነው። ለውፍረት የሚያጋልጠውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው፣ ካልወረሰው በአማካይ ወደ 3 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎችን ከነልጆቻቸው የሚከታተል ትልቅ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች እነዚያን ሰዎች በተወለዱበት ዘመን ለይተው አዩአቸው። ከ1942 በፊት በተወለዱት ላይ በዚህ ዘረ መልና በክብደት መካከል ግንኙነት አልታየም። ከዚያ በኋላ በተወለዱት ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዘረ መሉ ያው፣ ቤተሰቡም ያው፣ ዘመኑ ብቻ ሌላ። አያትሽም ይህንኑ ተሸክመው ኖረው ይሆናል። የሚቀሰቅሰው ስላልመጣ ተኝቶ አለፈ።

ከመወለዳችን በፊት የሚሆነውም ቀላል አይደለም። ኔዘርላንድ ውስጥ ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 በነበሩት የብርድ ወራት ብርቱ ረሃብ ነበር። በእርግዝናቸው የመጀመሪያ አጋማሽ ያ ረሃብ ያገኛቸው እናቶች የወለዷቸው ወንዶች 19 ዓመት ሆኗቸው ለውትድርና ሲመረመሩ ከሌሎቹ ይልቅ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኘ። እናትሽን የምትወቅሽበት ነገር የለም ማለቴ ነው። አንቺንም ልጅሽ የምትወቅስበት የለም።

3. ምግቡ ራሱ ሌላ ሆኗል። አያትሽ ያሻቸውን ይበሉ ነበር ያልሽው ልክ ነው። አያቶቻችን የበሉት ከጥሬው ተነስቶ ቤት ውስጥ የበሰለ ነበር። እኛ የምንበላው ብዙው ፋብሪካ ገብቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ ስኳርና ዘይት፣ ጨውና ማጣፈጫ ተጨምሮበት፣ ታሽጎ የሚመጣ ነው። «ካሎሪው እኩል ከሆነ ምን ለውጥ አለው?» የሚሉሽ ይኖራሉ። አለው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ አቆያቸው። ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለቱን ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ በሉ። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር። የተባሉት «ያሻችሁን ያህል ብሉ» ብቻ ነው። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፣ ክብደታቸውም 0.9 ኪሎ ጨመረ። ሌላውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሁለቱም ምግብ እኩል እንደሚጥማቸው ነው የተናገሩት። ያው ሰው፣ ያው ሆድ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ ፈጠን ፈጠን ብለው ይበሉ ስለነበር ጥጋቡ ሳይደርስባቸው ሳህኑ ያልቃል።

በተለይ የሚጠጣውን ነገር ተከታተይ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ለቀኑ በሙሉ ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ፈሳሽ ደግሞ እንደ ምግብ አያጠግብም። ጠጥተሽውም ምሳሽን ያንኑ ያህል ትበያለሽ።

እኔ ቤት ለስላሳ አይገባም ነበር። «ጁስ» ነበር የሚገባው፤ ፍሬ የተሳለበት ካርቶን። አንድ ቀን ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብለን አነበብነው። ከውኃ ቀጥሎ ስኳር ይላል። ዝቅ ብሎ ግሉኮስ ሽሮፕ። ዝቅ ብሎ ፍሩክቶስ። ፍሬው እታች፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ከማቅለሚያው አጠገብ ተጽፏል። ዝርዝሩ ከብዙ ወደ ጥቂት ነው የሚደረደረው፣ ይህን እወቂ። ልጄ «ታዲያ ፍሬው ለምን ፊት ለፊት ተሳለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ስብ ወይም ጨው የበዛበት እሽግ ሁሉ ፊት ለፊቱ ጥቁር ምልክት እንዲደረግበት በሕግ ያስገደደችው ለዚህ ነው። ሜክሲኮ ከ2014 ጀምሮ ጣፋጭ መጠጥ ላይ ግብር ጥላለች። መንግሥታቱ ይህን ሁሉ ያደረጉት ሕዝቡ ራሱን መግዛት ስላቃተው አይመስለኝም።

4. ስለ እንቅስቃሴ በአጭሩ። አያቶቻችን ከእኛ የበለጠ በእግራቸው ሄደዋል፣ በእጃቸው ሠርተዋል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ግን ታንዛኒያ ውስጥ አድነውና ለቅመው የሚኖሩ ሃድዛዎችን ኸርማን ፖንትዘር የሚባል ተመራማሪ አጥንቶ በ2012 አውጥቷል። ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ። ሆኖም የሰውነታቸው መጠን ሲሰላ በቀን የሚያቃጥሉት ካሎሪ ቢሮ ከሚውለው ሰው የተለየ አልነበረም። ተንቀሳቀሺ፣ ለልብሽም ለእንቅልፍሽም ለመንፈስሽም ያስፈልጋል። ጂም ገብተሽ ኪሎሽ ፈቅ ባይል ግን ራስሽን አትውቀሺ።

5. ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጽፈሽ ያዢ። ይህን የምለው ብዙ ዋጋ ስላስከፈለኝ ነው፣ አንቺንም ሳያስከፍልሽ አይቀርም።

መገጣጠሚያዬን አሞኝ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሕመሙ ቀለለኝ። ቆይቶ ግን ፊቴ ክብ ሆነ፣ ሆዴ ወደፊት ወጣ፣ እጅና እግሬ ግን እንደድሮው ቀጭን ነበር። ረሃቡ የማውቀው ረሃብ አልነበረም። በልቼ ገና ከገበታ ሳልነሳ ይርበኛል። ግራ ሲገባኝ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሚዛኑ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ነርሷ ኪሎዬን ካርድ ለያዘችው ጓደኛዋ ጮክ ብላ ነገረቻት። ጓደኛዋ ስላልሰማቻት ደገመችው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ውስጥ ስገባ ሐኪሙ ካርዱን እንጂ እኔን አላየም። መድኃኒቱን ላሳየው ከቦርሳዬ ሳወጣ በእጁ መለሰውና «መጀመሪያ አፍሽን ያዢ፤ ሁላችሁም መድኃኒት ላይ ነው የምታሳብቡት» አለኝ። ግፊቴን አልለካም። የደም ስኳሬ እንዲታይ አላዘዘም። የምግብ ዝርዝር የታተመበት አንድ ወረቀት ሰጠኝና ቀጣዩን ተጣራ።

እህቴ፣ የተሰደበ ሰው አይከሳም። ይሸሻል። እኔም ሸሸሁ። ያ ሰውዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዓመታት አስበላኝ። ያን ኮሪደር እንደገና ላለማየት ስል መድኃኒቱን በቆየው ማዘዣ እያስገዛሁ ቀጠልኩ። በመጨረሻ እግሬ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲል ሌላ ቦታ ሄድኩ። ስኳር በሽታ ነበረብኝ። ግፊቴም ወጥቶ ነበር። ያገኘችኝ ሐኪም በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝና መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ምን ትወስጃለሽ?» ብላ ነው። ስሙን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ስቴሮይድ ረሃብ እንደሚጨምር፣ ስብ ፊትና ሆድ ላይ እንደሚያከማች፣ የደም ስኳርንም ከፍ እንደሚያደርግ አስረዳችኝ። የመገጣጠሚያ ሐኪም ጨምራበት፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየወረደ በሌላ መድኃኒት ተተካልኝ። አደራሽን፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በራሱ ሥልጣን በአንድ ጊዜ አያቆምም፤ አደገኛ ነው።

አያቶቻችን በወጣትነታቸው ክብደት ከሚጨምሩት መድኃኒቶች ብዙዎቹን አያውቋቸውም ነበር። ስቴሮይድ ብቻም አይደለም። ኢንሱሊን ክብደት ይጨምራል። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት እንደ ኦላንዛፒን ያሉት፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት፣ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ሕይወት የሚያድኑ መድኃኒቶች ናቸው፣ ክፉ ናቸው አላልኩም። ግን በአንዳንዶቹ ፋንታ ሌላ አለ። ሐኪሙ ካልጠየቀሽ አንቺ ንገሪው። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢሽም ይታይልሽ። ከወለድሽ በኋላ ከሆነ የጀመረሽ ይህን አትዝለዪው።

6. ሰውነት የቀነሰውን ኪሎ ለመመለስ ይታገላል። ኬቨን ሆል በ2016 ሌላም ጥናት አውጥቷል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ክብደት የመቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመረ። አብዛኞቹ ከቀነሱት ብዙውን መልሰውታል። ሰውነታቸው ሥራ ሳይሠራ የሚያቃጥለው ካሎሪም ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ገደማ ያነሰ ነበር። ስለዚህ «በአንድ ወር ይህን ያህል ኪሎ» የሚሉሽን አትስሚ። እኔ ከነበርኩበት አሥር በመቶ ገደማ ቀንሼ እዚያው ይዤዋለሁ። ዘመዶቼ «ምኑን ከሳሽው?» ይሉኛል። ግፊቴ ተስተካክሏል፣ ስኳሬ ተይዟል፣ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። ከክብደት አምስትም አሥርም በመቶ መቀነስ ለጤና ትልቅ ነገር ነው። በዚህ በጣም እኮራለሁ።

ስለ ልጅሽ። ልጅቱን ሰው ፊት ሚዛን ላይ እንዳታወጪያት። «ዳይት» የሚባል ቃልም አይሰማ። ቁመቷ ገና እየጨመረ ስለሆነ በብዙ ልጆች ዘንድ ኪሎው ባለበት መቆየቱ ብቻ ይበቃል፣ ቁመቷ ይደርስበታል። ለእሷ ለብቻዋ ምግብ አትለዪ፤ ቤቱ በሙሉ ይለወጥ። ጣፋጭ መጠጥ ከቤት ይውጣ፣ ለሁሉም። ሲበላ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። እንቅልፏን ደግሞ አጥብቂ፤ በእሷ ዕድሜ ከሃያ አራቱ ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለባት። ያልተኛ ልጅ ይርበዋል፣ የሚርበውም ጣፋጭ ነው። ዘመድ «አንቺ ዘፍጣጣ» እያለ ሲቀልድባት ዝም አትበይ። እኔ ታላቅ ወንድሜን ሳይቀር ከቤቴ አስቁሜዋለሁ፣ ተቀየመኝ፣ ይቀየም።

አንቺ ደግሞ ሐኪም ስትይዢ እነዚህን አስደርጊ፦ የደም ስኳር፣ ግፊት፣ ታይሮይድ፣ የወገብ ልክ። ሚዛኑ ሰው መሃል ከሆነ «ቁጥሩን ጻፉት እንጂ አትጥሩት» ማለት መብትሽ ነው። ሳይመረምርሽ የሚሰድብሽ ካጋጠመሽ ተነሺና ሌላ ፈልጊ፣ በዚያው ሳምንት። በቋሚነት የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ስሙንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እኔ ሐኪሜን የጠየቅኳትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እልክልሻለሁ።