የመጨረሻው ፍርድና እኛ፦ ከአንድ አረጋዊ ዳኛ ለወጣቶች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በችሎት ነው። ከክርስትና ትምህርት ሁሉ የመጨረሻው ፍርድ ነገር ልቤን አጥብቆ የያዘውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ወጣቶች ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት ሲጠይቁኝ አብዛኞቹ ማወቅ የሚሹት የሲኦል እሳት እውነተኛ እሳት ይሁን ምሳሌ፣ ማንስ እንደሚገባበት ነው። ጥያቄውን አልንቀውም። አብያተ ክርስቲያናትም ስለ ወዲያኛው ዓለም ብዙ ተከራክረዋል፤ ካቶሊኮች ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት ሁኔታ አለ ብለው እ.ኤ.አ. በ1439 በፍሎሬንስ ጉባኤ አጽንተዋል፤ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ አይቀበሉትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው።

ጌታ ሰዎችን በቀኝና በግራ ለይቶ የሚፈርድበትን ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን እንደ ችሎት መዝገብ አንብቡት። በግራ የቆሙት ገደሉ፣ ሰረቁ ተብለው አልተከሰሱም። የተራበውን አላበሉም፣ የታሰረውን አልጠየቁም፤ ክሱ ይኸው ነው። የሰው ሕግ ማንንም ባላደረገው ነገር የሚቀጣው ግዴታ ሲኖርበት ብቻ ነው። በዚያ ችሎት ግን ጎረቤትነት ራሱ ግዴታ ሆኖ ይገኛል። በሕግ ፊት ንጹሕ የሆነ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ እኔም እጠይቃለሁ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው ባለጠጋም በደጁ የተኛውን ድሃ አልዓዛርን መታው ወይም አባረረው አልተባለም። ነገር ግን በሥቃይ ውስጥ ሆኖ እንኳ ስሙን ጠርቶ «አልዓዛርን ስደድልኝ» ይላል። ስሙን ያውቅ ነበር ማለት ነው! በደጁ ተኝቶ ሳለ ያውቀው ነበር። አሁንም ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ውኃ አቅራቢ እንዲሆንለት ፈለገው እንጂ። ሞት ልቡን አልለወጠውም። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስፈራኝ ከነበልባሉ ይልቅ ይህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ከጌታ ጋር የተሰቀለውን ወንበዴ ትጠቅሱልኛላችሁ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ገነትን አገኘ ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ይህ ተስፋ በማንም ላይ አይዘጋ። ግን ምን እንደ ተናገረ ልብ በሉ። ቅጣቱ የሚገባው መሆኑን አልካደም፤ ከመስቀል አውርደኝ አላለም፤ በአጠገቡ ስለ ተሰቀለው ንጹሕ መሰከረ። ብዙ ፍርደኞችን አድምጫለሁ፤ እንዲህ የሚናገር እምብዛም አይገኝም።

«ሰማይን ተስፋ አድርጎ በጎ መሥራት ንግድ አይደለምን?» የሚል ጥያቄም ይቀርብልኛል። በቀኝ የቆሙትን ጻድቃን ተመልከቱ፤ «ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ብለው ይደነግጣሉ። ዋጋ ቆጥረው ቢያበሉ ኖሮ ባልረሱት ነበር። ደግነት ከማንነታቸው ጋር ስለ ተዋሐደ አልመዘገቡትም። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው የቤተ ክርስቲያን አባት የኒሳው ጎርጎርዮስ ደግሞ እግዚአብሔር ወሰን ስለሌለው ነፍስ በበጎነት የምታድገው እድገትም ወሰን የለውም ብሎ አስተምሯል። ይህ ትምህርት ያጽናናኛል፤ በእርጅናም ቢሆን ገና ጀማሪ ነኝና።

ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣው ቀራጭ ዘኬዎስ ከዛፉ ወርዶ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ስለ ሰማይ አንዲት ቃል አልተናገረም። ካለው እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። መዳን ለዚያ ቤት ሆነለት የተባለው ከዚህ በኋላ ነው። እኔም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። በእጃችሁ የሰው ገንዘብ ካለ መልሱ። ያጠፋችሁት የሰው ስም ካለ ደግሞ ሐሜታችሁን የሰሙትን ሰዎች ፈልጋችሁ በፊታቸው አቅኑት። ስም ማቅናት ገንዘብ ከመመለስ ይከብዳልና ከእርሱ ጀምሩ።